ባሕር መሀል ደም ሲያስፈልግ

ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ወደ ሆኖሉሉ የሚያቀና የሽርሽር መርከብ አራት አምስት ቀን መሬት ሳያይ ይጓዛል። በሁለቱ ወደቦች መካከል 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ አለ። መንገዱ ሲጋመስ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ከየትኛውም ጠረፍ ቢነሣ ደርሶ ለመመለስ ነዳጅ አይበቃውም። እዚያ ላይ አንድ መንገደኛ ደም ማስታወክ ቢጀምርና ደም ካልተተካለት የማይተርፍ ቢሆን፣ የሚተካው ደም የሚገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አብረውት ከሚጓዙት ሰዎች ክንድ።

የዛሬው ዝግጅት ርእስ ይኸው ነው፤ ክሩዝ የሚሄድ ሰው ከፓስፖርቱና ከመድኃኒቱ ጋር የደም ለጋሽ ካርዱን ለምን መያዝ እንዳለበት። እናት አባታቸውን ከአገር ቤት አስመጥተው ከማያሚ ወይም ከባልቲሞር መርከብ የሚያሳፍሩ አድማጮችን ጉዳዩ በተለይ ይመለከታቸዋል፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ያለ ሐኪም ከወደብ አይወጡም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ 100 እና ከዚያ በላይ ሰው ይዞ ከሦስት ቀን በላይ በሚፈጅ ዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የሚሰማራ መርከብ ሐኪም እንዲኖረው ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ» ሲሞላ መንገደኛውና ሠራተኛው ተደምሮ ወደ 10,000 ሰው ይሆናል። የእንዲህ ያሉት መርከቦች ክሊኒክ ራጅ አለው፤ ላቦራቶሪ አለው፤ መተንፈስ ላቃተው የመተንፈሻ መሣሪያ አለው። በአብዛኞቹ ውስጥ የማይገኘው የደም ክምችት ነው።

ይህ ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ ተጠብቆ የሚቆየው፣ እንደ ማቆያው ኬሚካል ዓይነት፣ 35 ወይም 42 ቀን ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች ደግሞ በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ እየተወዘወዙ አምስት ቀን ያህል ብቻ ይቆያሉ። መርከቡ የሁሉንም ዓይነት ደም አሟልቶ ይያዝ ቢባል ከየወደቡ እየሰበሰበ፣ አብዛኛውን ሳይጠቀምበት ጊዜው እያለፈ ይጥለዋል። የብስ ላይ ባሉ ሆስፒታሎች ደግሞ ያንኑ ደም የምትጠብቅ ወላድና መኪና የገጨው ልጅ አሉ። ስለዚህ ክምችት አለመያዙ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ ካልተበጀ ባሕር ላይ የደማው ሰው ይሞታል።

ሌላው መንገድ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። ከደም ባንክ ርቀው የሚዋጉ ወታደሮች አንዱ ሲቆስል ከጓደኛው ደም ተቀድቶ እዚያው ይሰጠዋል፤ ቀዩ ሕዋስ፣ ፕላዝማውና ፕሌትሌቱ ሳይለያይ፣ ሙሉው ደም እንደሞቀ። «ሾክ» የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከሆስፒታል ርቆ ለደማ ሰው የሚሰጠውን የነፍስ አድን ሕክምና በሲቪሉ ዓለም በማስጀመር ፈር ከቀደዱ ሁለት ድርጅቶች አንዱ ሮያል ካሪቢያን የመርከብ ኩባንያ መሆኑ ተገልጿል፤ ሌላው በሚኔሶታ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ነው። የመርከብ ኩባንያው የወታደሮቹን ዘዴ ሲወስድ በጦር ሜዳ ያልተዘገቡ የጥንቃቄ እርምጃዎች ጨምሮበታል። የለጋሽ ካርድ ቦታም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። የደም ባንክ የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት ደም የሚከማቸው በሰዎች ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ውስጥ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ደም የሚሰጥ ሰው ፍለጋ ወደ ካምበርዌል ቀይ መስቀል ስልክ ደወለ። የቅርንጫፉ ጸሐፊ ፐርሲ ሌን ኦሊቨር ባልደረቦቹን ይዞ ሄደ፤ ከመካከላቸው የአንዲት ነርስ ደም ተስማማ። ኦሊቨር ከዚያ በኋላ በገዛ ቤቱ መዝገብ ከፈተ፤ ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ አንድ ካርድ፣ በካርዱ ላይ ስሙ፣ የደም ዓይነቱና የጤናው ሁኔታ። ሆስፒታል ሲደውል ካርዱን አይቶ የሚስማማውን ሰው ይልክ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው የበጎ ፈቃድ ደም ለጋሾች አገልግሎት የተመሠረተው እንዲህ ነው። የመርከቡ ሐኪም ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልገውም ይህንኑ መረጃ ነው። ልዩነቱ ካርዱ ያለው በመንገደኛው ኪስ እንጂ በሐኪሙ መሳቢያ አለመሆኑ ነው።

መርከቡ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የታማሚውን የደም ዓይነት ያጣራል። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ የተመቸው መሣሪያ፣ በፈልሳፊው በዴንማርካዊው ሐኪም ስም ኤልዶን ካርድ የሚባለው ነው። የፖስታ ካርድ የምታህለው ወፍራም ወረቀት ላይ አራት ክቦች ታትመዋል፤ በየክቡ ውስጥ የመመርመሪያው ንጥረ ነገር ደርቆ ተለጥፏል። አንዱ ለኤ፣ አንዱ ለቢ፣ አንዱ ለአር ኤች፣ የመጨረሻው ማነጻጸሪያ። ነርሷ በየክቡ አንድ አንድ ጠብታ ውሃ ታደርጋለች፤ ጣት ወግታ ደሙን በአራት ቀጫጭን የፕላስቲክ እንጨቶች እየነካች በየክቡ ታማስላለች፤ ከዚያ ካርዱን ቀጥ አድርጋ ወደ አራቱም ጎኖች እያገላበጠች በእያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ያህል ትይዘዋለች። ደሙ ለስልሶ ከቀረ ያ ዓይነት የለበትም፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከተቋጠረ አለበት። ማነጻጸሪያው ክብ ውስጥ ደም ከተቋጠረ ካርዱ ይጣላል፤ ምርመራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከዚያ በድምፅ ማጉያ ጥሪ ይተላለፋል፤ የተፈለገው የደም ዓይነት ይነገርና የለጋሽ ካርድ ያላቸው ወደ ሕክምና ክፍል እንዲመጡ ይጠየቃል። ለመጡት መጠይቅ ይቀርባል፤ የደም ዓይነታቸው እንደ ገና ይታያል፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ፈጣን ምርመራ ይደረግላቸዋል። ያለፈው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀዳለታል።

እንግዲህ ሁሉም እንደ ገና የሚመረመር ከሆነ ካርዱ ምን ፋይዳ አለው? ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ፈጣን ምርመራ አንድ ክፍተት አለበት። ሰው በኤች አይ ቪ ከተያዘ በኋላ ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል አምርቶ በፈጣን ምርመራ እስኪታይ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ አንዳንዴ ሦስት ወር ይደርሳል። በዚያ መካከል ውጤቱ «ነፃ» ይላል፤ ደሙ ግን ያስተላልፋል። የበለጸጉ አገሮች የደም ባንኮች የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በሚፈልግ ምርመራ ክፍተቱን ወደ አሥር ቀናት ገደማ አሳጥረውታል። ያ መሣሪያ መርከብ ላይ የለም። ስለዚህ ሐኪሙ በእጁ ያለውን ምርመራ የሚደግፍ ታሪክ ይፈልጋል፤ በተደጋጋሚ የለገሰ ሰው ደሙ በየጊዜው ሙሉ ምርመራ አልፏል፣ ለመጠይቁም በእውነት መመለስን ለምዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚለግስ ሰው ይልቅ የዘወትር ለጋሽ ደም ከበሽታ ነፃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ መሆኑ በየአገሩ የታየ እውነት ነው። በመርከብ ላይ ሐኪሙ ምርመራውን መድገም ይችላል፤ የዓመታትን ታሪክ ግን በአንድ ሌሊት ሊሠራ አይችልም።

የደም ዓይነትም እንዲሁ ጊዜ ይቆጥባል። መርከቡ ላይ ስድስት ሺህ ሰው ቢኖር ማን ምን ዓይነት እንደሆነ ጣት እየወጉ መፈለግ አይቻልም። ካርድ የያዙ አሥር ሰዎች ከመጡ ግን ማጣራቱ የአሥር ሰው ሥራ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። «ኦ ኔጌቲቭ ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ስለ ቀይ የደም ሕዋስ ነው። የኦ ሰው ፕላዝማ የኤንና የቢን ሕዋስ የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት አሉት። ሆስፒታል ውስጥ ፕላዝማው ተለይቶ ስለሚወጣ ችግሩ ይቀንሳል። በመርከብ የሚሰጠው ግን ሙሉ ደም ስለሆነ የሚመረጠው የታማሚውን ዓይነት በትክክል የሚመስል ነው፤ ለኤ ኤ፣ ለቢ ቢ። ስለዚህ «የእኔ ዓይነት ተፈላጊ አይደለም» ብሎ ካርዱን ቤት የሚያስቀር ሰው ተሳስቷል። የኤቢ ታማሚ ቢገኝ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ብርቅ ኤቢ ነው።

በአር ኤች ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ከመርከብ ሠራተኞች ብዙዎቹ ፊሊፒናውያንና ኢንዶኔዥያውያን ናቸው፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከአውሮፓ ዘር በሆኑት ዘንድ ከመቶ ወደ 15 ይደርሳል፤ በኢትዮጵያ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከአሥር ሰው አንድ አይሞላም። ታማሚው አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ፣ በተለይ ገና የምትወልድ ሴት ከሆነች፣ ሠራተኛው ሁሉ ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ የሚስማማ ላይገኝ ይችላል። ዓይን የሚያርፈው መንገደኛው ላይ ነው።

ባሕር ላይ ደም የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ በአደጋ ሳይሆን ከጨጓራና ከአንጀት በሚፈስ ደም ነው። የመርከብ መንገደኛ ብዙው በዕድሜ የገፋ ነው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም አይቡፕሮፌን የሚውጥ። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተከትሎ የሚመጣው የልብ ቫልቭ በሽታ የብዙ ቤት ችግር ነው፤ ብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። የዋርፋሪን መጠን በምግብ፣ በመጠጥና በሌላ መድኃኒት ይዛባል፤ የመርከብ ገበታ ደግሞ ከዕለት ምግብ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የመጨረሻው የደም መርጋት ምርመራ ውጤትና የደም ዓይነቱ በወረቀት ተጽፎ ቢያዝ ሐኪሙ ብዙ ነገር ያገኛል። ልጆቹ ደግሞ የራሳቸውን የለጋሽ ካርድ ቢይዙ ለሌላ ታማሚ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ለእናታቸው ግን ከልጆቿ ይልቅ ዘመድ ያልሆነ ሰው ደም ይመረጣል።

ካርዱን ማግኘት ለሁሉም እኩል ቀላል አልነበረም። በአሜሪካ ሲሠራበት በቆየው ደንብ ወባ ያለበት አካባቢ ጎብኝቶ የተመለሰ ሦስት ወር፣ ወባ ባለበት አገር ኖሮ የመጣ ደግሞ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ይህ ስለ በሽታው ጠባይ ስለሆነ ምክንያታዊ ነው፤ አርባ ምንጭ ሰንብቶ የተመለሰ ሰውም መርከብ ላይ ቢጠየቅ ሳይደብቅ መናገር አለበት። በእስራኤል የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁዶች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል መቆየቱን ጋዜጣ አጋለጠ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 እንኳ ኢትዮጵያ የተወለዱት የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በምክር ቤቱ ግቢ ደም ሊሰጡ ቀርበው እንደ ማንኛውም ለጋሽ አልተቀበሏቸውም። አንድን ሰው በትውልድ አገሩ መፈረጅ ከሕክምናም ከክብርም አንጻር ደካማ መንገድ ነው፤ የሚሻለው የራሱ የምርመራ ታሪክ ነው፤ ካርዱ የያዘውም ያንን ነው።

በጭነት መርከብ ላይ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ባሕረኞች ሁኔታው ይለያል። ሠራተኛው ሃያና ሠላሳ ሰው ስለሆነ ሕጉ ሐኪም አያስገድድም፤ የታመመውን የሚያክመው ሥልጠና የወሰደ መኮንን በሬዲዮ ከየብስ ሐኪም ምክር እየተቀበለ ነው። እዚያ ደም ቀድቶ መስጠት አይታሰብም፤ መፍትሔው አቅጣጫ ቀይሮ ወደ ቅርቡ ወደብ መገስገስ ነው።

ለክሩዝ መንገደኛ የቀረው የዝግጅት ጉዳይ ነው። ካርድ የሌለው ሰው ከጉዞው ወራት ቀደም ብሎ ቢለግስ ይደርሳል፤ ከመነሣቱ ሳምንት በፊት የለገሰ ግን መርከብ ላይ ብቁ አይሆንም። በሁለት ልገሳ መካከል በአሜሪካ 56 ቀን፣ በኢትዮጵያ ሦስት ወር መቆየት አለበት፤ ስለዚህ የመጨረሻው ልገሳ ቀን ከካርዱ ጋር ተጽፎ ይያዝ። በኢትዮጵያ የደም ባንክ የተሰጠ መታወቂያም የደም ዓይነትን ስለሚያሳይ ይጠቅማል። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ካርድ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ባሕር ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንዳያስቸግር የስክሪኑን ፎቶ አስቀድሞ ማንሣት ወይም አትሞ መያዝ ነው። ጥሪ ሲደረግ ያመሸበትን መጠጥ፣ የወሰደውን መድኃኒትና ያለፈበትን በሽታ ሳይሸሽግ የሚናገር ሰው ሐኪሙን ይረዳል፤ አይሆንም ተብሎ ቢመለስም ቅር ሊሰኝ አይገባም። የለገሰ ደግሞ የዚያን ቀን ብዙ ፈሳሽ ይጠጣ፤ ከሙቅ ገንዳና ከሳውና ይራቅ፤ ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን ይያዝ።