የቻርተር ትምህርት ቤትና በጎ ፈቃደኛ የቦርድ አባላቱ



አንድ መሐንዲስ የዕለት ሥራውን ፈጽሞ፣ እራቱን እንደ ነገሩ ቀምሶ፣ ማታ በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ለሕፃናት በተሠራች ወንበር ላይ ተቀምጦ የበጀት ሰነድ ሲያገላብጥ ቢታይ፣ ደመወዝ የማይታሰብበት ሥራ እንደ ያዘ መገመት አያዳግትም። በአሜሪካ፣ በተለይም በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የዛሬው ንግግር ስለ እነርሱ ነው።

ቻርተር ትምህርት ቤት የሚባለው ከመንግሥት ገንዘብ እያገኘና ከተማሪ ክፍያ ሳይጠይቅ፣ ነገር ግን ከአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ተለይቶ፣ በራሱ ቦርድ የሚመራ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ሕግ በሚኒሶታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ የፈቀደውም ለስምንት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት ሲቲ አካዳሚ በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። ቦርዱ ከፈቃድ ሰጪው አካል ጋር የጊዜ ገደብ ያለው ውል ይዋዋላል፤ ውሉ ካልታደሰ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።

በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ከቦርዱ አባላት አብዛኞቹ መምህራን እንዲሆኑ ያስፈልግ ነበር። ይህ አሠራር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሠራተኛው የገዛ ደመወዙን እንዲወስን በር የሚከፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሕጉ ሲሻሻል ግን ቢያንስ አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅና ከትምህርት ቤቱ ደመወዝ የማያገኝ አንድ የአካባቢው ሰው እንዲገኙበት ተደረገ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች የሚማሩባቸው ቻርተር ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ ወላጁ አባል የሒሳቡን ሰነድ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ሰው ሊሆን ይችላል። ሕጉ ለአባላቱ ሁሉ ስለ ቦርድ ተግባር፣ ስለ ሠራተኛ አስተዳደርና ስለ ገንዘብ አያያዝ ሥልጠና እንዲሰጥ ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። የመንግሥት ድጎማ የሚሰላው በተማሪው ቁጥር ልክ ነው። አዲስ የተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት 200 ልጆች ይመጣሉ ብሎ መምህራን ቀጠረ፤ ቤትም ተከራየ እንበል። የመጡት 180 ቢሆኑ ገቢው ከመቶ 10 እጅ ይጎድላል። በሚኒሶታ በተለመደው አሠራር ደግሞ በዓመቱ ውስጥ የሚከፈለው ከድጎማው 90 በመቶው ያህል ሲሆን፣ ቀሪው በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። እንግዲህ በእጅ የሚገባው ከታቀደው 81 በመቶ ብቻ ይሆናል። የቤቱ ኪራይና የመምህራኑ ደመወዝ ግን አልቀነሰም። ሒሳቡ ለመሐንዲስ ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር በየወሩ መጠየቁ ነው። «ዛሬ በክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ? በባንክስ ስንት ብር አለ?» የማይል ቦርድ ጉድለቱን የሚሰማው ከኦዲተር ነው፤ ያን ጊዜ ዓመቱ አልፏል።

ሌላው ችግር የባለሙያው ጠባይ ነው። መሐንዲስ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁ ዝም አይልም። ማሞቂያው ሲበላሽ ራሱ ሊጠግን ይገባል፤ የክፍሎቹን ድልድል ሊያስተካክል፣ ከመምህሩም ጋር ስለ ሒሳብ አስተማመር ሊከራከር ይነሣል። ቅንነቱ የሚመሰገን ቢሆንም ዲሬክተሩ የማን ትእዛዝ እንደሚፈጽም ግራ ይገባዋል። አማካሪ መሐንዲስ የኮንትራክተሩን ማንኪያ ተቀብሎ ግንብ እንደማይገነባ ሁሉ፣ የቦርድ አባልም ዲሬክተሩን መርጦ፣ ግቡን ወስኖ፣ ሥራውን ይመረምራል እንጂ ራሱ አይሠራለትም። ሥልጣኑም ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ በድምፅ ሲወሰን የሚገኝ ነው፤ በኮሪደር ላይ ያለ አንድ አባል እንደ ማንኛውም እንግዳ ነው።

ስብሰባው በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስለዚህ የ20 ልጆች ጉድለት በታወቀበት ምሽት አንድ መምህር ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ፣ አባላቱ እጃቸውን የሚያወጡት የዚያ ክፍል ልጆች ወላጆች ከፊታቸው ተቀምጠው እያዩአቸው ነው። በማግስቱም ጧት ልጆቻቸውን ሲያደርሱ እዚያው በር ላይ ይገናኛሉ።