ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ቺፕ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የጉግል መሐንዲሶች እንዲህ አሰሉ፦ ሰዎች በቀን ሦስት ደቂቃ ብቻ በድምፅ ፍለጋ ቢያካሂዱ፣ የዳታ ማዕከሎቹ አቅም እጥፍ መሆን ይኖርበታል። መፍትሔው ቲፒዩ የተባለ ቺፕ ሆነ። ድምፅን የሚለየው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ዋና ሥራው ቁጥር ማባዛት ነው፤ ለሁሉም ሥራ የሚውል ፕሮሰሰር ግን ብዙውን ኃይል የሚጨርሰው በማባዛቱ ሳይሆን ትእዛዝ በመፍታትና ቁጥር ከሚሞሪ በማመላለስ ነው። ቲፒዩ ግን 65,536 ማባዣዎችን ደርድሮ፣ አንዴ የተነበበውን ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ያቀባብላል። በ2017 በወጣው ጥናት፣ በአንድ ዋት የሚሠራው ሥራ በዘመኑ ከነበሩት ፕሮሰሰሮች ከ30 እስከ 80 እጥፍ በለጠ፤ የለካው ሠሪው ራሱ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

የሞዴሎቹ የስሌት ስልት ሲለወጥ ቺፑ ከንቱ ይቀራል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ሆኖም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ቅርጻቸው ቢለዋወጥም የሥራቸው እምብርት ዛሬም የማትሪክስ ማባዛት ነው። ይልቅ ከባዱ ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ የዲዛይኑ ወጪ የሚመለሰው ቺፑ በብዛት ሲመረት ብቻ ነውና፣ ለአነስተኛ ተቋም ይህ መንገድ አያዋጣም።