መኪናው ይቁም፣ ሰው ይራመድ

እሱ፦ ሚኒባስ ተከራይቶ አዲስ አበባን በአንድ ቀን የሚያይ ቡድን፣ መኪናውን አቁሞ በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

እሷ፦ ተከፍሎበት? እንጦጦንም በእግር ሊወጡት ነው?

እሱ፦ እንጦጦማ በመኪና፣ በጠዋት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ። ከዚያ ግን ስድስት ኪሎ ላይ ይውረዱ። የየካቲት 12 ሐውልት እዚያው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሙዚየም ደግሞ የጃንሆይን መኝታ ቤት ሳይቀር ያሳያል። ቁልቁል ሲሉ ብሔራዊ ሙዚየም፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ የምትታይበት። ዝቅ ሲሉ አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል። ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ፣ ያውም ቁልቁለት! በመኪና ከሆነ ግን በየበሩ ፓርኪንግ ፍለጋ፣ የቀረ ሰው ጥበቃ።

እሷ፦ አዛውንትና ሕፃን ቢኖርስ? የከተማዋ ከፍታ ራሱ ለእንግዳ ትንፋሽ ያሳጥራል።

እሱ፦ ይሄ ልክ ነው። እነሱን ሾፌሩ ከበር በር ያድርሳቸው። ሌላው ይራመድ።

እሷ፦ መርካቶንስ የት ጣልከው?

እሱ፦ መርካቶ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። እሑድ ደግሞ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።

እሷ፦ እኔ መርካቶን ሳያይ አዲስ አበባን አየሁ የሚለውን አላምነውም።

እሱ፦ እንግዲያው አንድ ቀን ይጨምሩ!