የትኛው ሰኞ?

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ከአንድ አባል ቤተሰብ የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው «በደቡብ ሱዳን ያሳለፋችሁትን ንገሩን» ሲለን ደስም አለን፣ ፈራንም። ደስ ያለን እናንተን ፊት ለፊት ለማመስገን ዕድል ስላገኘን ነው። የፈራነው ደግሞ እንዲህ ያለ ንግግር ብዙውን ጊዜ ተናጋሪውን ጀግና አድርጎ ስለሚያልቅ ነው። እኛ ጀግኖች አልነበርንም። ሁለት ጊዜ ሸሽተናል። ዛሬ የምንነግራችሁም በአብዛኛው ስለ መሸሻችን ነው፤ ብዙ የተማርነው ከዚያ ነውና።

ሚሲዮናዊ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ፈረንጅ ነው። እኛ ግን ከዚሁ ከአዲስ አበባ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጸልያ የላከችን ባልና ሚስት ነን። ጥር 2004 ዓ.ም. ጁባ ስንገባ ትልቋ ልጃችን ስድስት ዓመቷ፣ ትንሹ ሁለት ዓመቱ ነበር። አገሪቱ ራሷ ከልጃችን ታንሳለች፤ ነጻ የወጣችው ሐምሌ 2 ቀን 2003 ነውና ገና ስድስት ወሯ ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች፤ ቆርቆሮዋ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ውኃ ከነጭ ዓባይ ተቀድቶ በቦቴ መኪና ይመጣል። ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ ኤርትራውያንና የእኛው አገር ልጆች ስለነበሩ በአማርኛ ተከራክረን ዋጋ እናስቀንሳለን። ኪስራ የሚሉት ከማሽላ ሊጥ በስሱ የሚጋገር ምግብ አላቸው፤ ልጆቻችን «የእንጀራ ታናሽ እኅት» ብለው ስም አወጡለት። ወባ ሁላችንንም በየተራ ጎብኝታናለች። ይህን ሁሉ ለመድነው፤ በሳቅም እናስታውሰዋለን።

ሥራችን ከልጆች ጋር ነበር። በዚያን ጊዜ ከካርቱም የተመለሱ ቤተሰቦች ጁባን ሞልተዋት ነበር። ልጆቻቸው እዚያ በአረብኛ ተምረው አራተኛ አምስተኛ ክፍል የደረሱ ናቸው። አዲሲቱ አገር ግን የትምህርት ቋንቋዋን እንግሊዝኛ አደረገች። ስለዚህ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። ያፍራል። ካፈረ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ከቀረ ገበያ ውስጥ ጠርሙስ ሲለቅም ይውላል። እኛ ከቀትር በኋላ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስበናቸው ንባብ እናስጠናለን፤ አንድ አንድ ሰሃን ባቄላ እናበላለን፤ ዘምረን ጸልየን እንሸኛቸዋለን። የዲንካም፣ የኑዌርም፣ የባሪም ልጆች ነበሩ። ማን የማን እንደሆነ እኛ አንጠይቅም፣ እነሱም አይነግሩንም ነበር።

እናቶቻቸውንም ቁጠባ እናስተምራለን ብለን ከዚህ የእቁብ ደብተር ይዘን ሄደን ነበር። ሻይ በመሸጥ የምትተዳደር አንዲት እናት ደብተሩን አገላብጣ አየችውና ሳቀች። «ይሄማ ሰንዱቅ ነው!» አለችን። ሰንዱቅ በአረብኛ ሣጥን ማለት ነው። በየሳምንቱ ይዋጣል፤ ተራ የደረሳት ትወስዳለች፤ ዙሩ ይቀጥላል። እነዚህ እናቶች ከጦርነት ሸሽተው ካርቱም ዳር በተፈናቃይ ሰፈር ሲኖሩ እንኳ ሰንዱቃቸውን አላቋረጡም። ልናስተምር ሄደን ተማሪ ሆንን። ይህን ሰንዱቅ ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ታኅሣሥ 5 ቀን 2006 ቅዳሜ ነበር። ልጆቹን ስንሸኝ «ሰኞ እንገናኝ፤ ሰኞ ለሁላችሁም አዲስ ደብተር እንሰጣችኋለን» አልናቸው። ደብተሮቹ በካርቶን ሆነው አልጋችን ሥር ተቀምጠዋል። እሑድ ማታ ተኩስ ተጀመረ።

ነገሩ በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና ከሥልጣን ባነሧቸው ምክትላቸው በሪክ ማቻር መካከል የቆየ የፖለቲካ ሽኩቻ ነበር። በፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ጦር ሰፈር የተነሣው ተኩስ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዘር መልክ ያዘ። በጁባ የኑዌር ተወላጆች ከየቤታቸው እየተፈለጉ ተገደሉ። በሌሎች ከተሞች ደግሞ በቀሉ በዲንካዎች ላይ ወረደ። በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ነፍሱን ለማትረፍ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ግቢ ገባ።

እኛ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለች፣ መስኮት በሌላት ጠባብ መተላለፊያ ፍራሽ አንጥፈን አደርን። ትንሹ ልጃችን «ነጎድጓድ ነው?» ብሎ ጠየቀን። «አዎ፣ ነጎድጓድ ነው» አልነው። ትልቋ ምንም አላለችም። በጁባ ታኅሣሥ በጋ እንደሆነና ዝናብ እንደማይዘንብ ግን በደንብ ታውቅ ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ ፋታ ሲገኝ፣ አንድ ጎረቤት መኪናውን አስነሥቶ «አሁኑኑ ውጡ» አለን። ልጆቹን እንደተኙ አንሥተን በባዶ እግራቸው ወደ መኪናው ሮጥን። አዲስ አበባ ገባን። ለተማሪዎቻችን ደህና ሁኑ አላልናቸውም። የደብተሩን ካርቶን እንኳ ለማንም አላስረከብንም።

እዚህ ዘመድ ወዳጁ «እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ» እያለ ሲጎርፍ ሰነበተ። ልጆቹም የደኅና መሰሉን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ትልቋን ብርድ ልብስ ልናለብሳት ስንገባ፣ ጫማዋን ክሩን አጥብቃ አስራ ተኝታለች። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በመጨረሻ ቁጭ ብለን ጠየቅናት። «ነጎድጓድ ነው አላችሁ» አለች። «ተኩስ ነው ብትሉኝ ኖሮ ጫማዬን ቀድሜ አደርግ ነበር።»

የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ልንጠብቃት ብለን ዋሸናት፤ ውሸታችን ግን በባዶ እግሯ እንድትሮጥ አደረጋት። ከዚያም በላይ፣ ቃላችንን ማመን አቁማ ራሷን በራሷ መጠበቅ ጀምራ ነበር። ለሰው ልጆች መልስ ይዘን ተሻግረን፣ ለራሳችን ልጆች ግን «ጸልዩ» ከማለት ሌላ ያልነገርናቸው ብዙ ነገር እንደነበር ያን ቀን ገባን። አያቷ ስንሄድ «የሰው ልጅ ልታሳድጉ ሄዳችሁ የራሳችሁን እንዳታስለቅሱ» ብለውን ነበር። ያኔ ቅር ብሎን ነበር።

እንመለስ ወይስ እንቅር? ከሁለታችን አንዳችን እንመለስ፣ አንዳችን እንቅር አልን፤ ማን ምን እንዳለ ዛሬም አንነግራችሁም። ብዙ ጸልየን፣ ብዙ ተኳርፈን፣ መጋቢት ላይ አንዳችን ብቻ ሄዶ እንዲያይ ተስማማን። ቤቱ ተዘርፏል፤ ካርቶኑም የለም። ከዛፉ ሥር ግን ልጆች ነበሩ። ከ43ቱ የመጡት 19 ናቸው። አንድም የኑዌር ልጅ በመካከላቸው አልነበረም። የስም መጥሪያ ደብተራችንን ትይዝልን የነበረች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቀረብ አለች። ተኩሱ ከበረደ ጀምሮ በየሰኞው እየመጣች ከዛፉ ሥር ትቀመጥ እንደነበር ጎረቤት ነገረን። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ቀን እንደሚጠይቅ ሰው ሆና «ሰኞ ብላችሁን ነበር» አለች። «የትኛው ሰኞ?»

እኅቶቻችን፣ የእኛ ልጅ ጫማና የዚያች ልጅ ጥያቄ አንድ ነገር ነው የነገሩን። ሰላም በሌለበት አገር ልጅ ከትልቅ ሰው የሚፈልገው ጀግንነትን አይደለም። እውነቱን እንዲነገር ይፈልጋል፤ የተነገረውም እንዲፈጸም። እኛ ፓስፖርት አለን፤ ሲብስ እንወጣለን። እነሱ አይወጡም። ይህን ልዩነት ደብቆ «አብረናችሁ ነን» ማለት ሌላው «ነጎድጓድ ነው» ማለት ነው።

ስለዚህ በነሐሴ ልጆቻችንን ይዘን ስንመለስ ሦስት ነገር ለወጥን።

አንደኛ፣ ባዶ ተስፋ መስጠት ተውን። «መንገዱ ሰላም ከሆነ ሰኞ እንገናኛለን፤ ካልሆነ ደብተሩ ከእነዚህ እናቶች ዘንድ ነው፤ ከእነሱ ጋር ታነባላችሁ» ማለት ለመድን።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ከእጃችን አወጣን። የሰንዱቁ እናቶች ከመካከላቸው ማንበብ የሚችሉ ሁለት ሴቶችን መረጡ። የሣጥኑ ቁልፍ፣ የስም ደብተሩና የእህሉ መዝገብ ወደ እነሱ ሄደ። ሰንዱቁ በጦርነት ያልተቋረጠው ከሰፈር የማይወጡ ሴቶች ስለያዙት ነው። እኛ ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይናችን እያየ አላስተዋልነውም ነበር።

ሦስተኛ፣ ለልጆቻችን እውነቱን መናገር ጀመርን። ምን ሲሆን እንደምንወጣ፣ ማን ምን እንደሚይዝ አብረን ወሰንን። ጫማ አልጋ ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል ያለችው ትልቋ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫማዋን አውልቃ ተኛች።

እዚህ ላይ የእናንተ መዋጮ ይመጣል። ለሁለቱ እናቶች የወር አበል ይከፈል የነበረው እናንተ በየወሩ ከምታዋጡት ነው። በዚህም አንድ ጥፋት አጥፍተናል። በወቅቱ በሪፖርታችን በአንድ መስመር አልፈነዋል፤ ዛሬ በግልጽ እንናገረው። የሦስት ወር ገንዘባችሁን አስቀድመን በአገሪቱ ፓውንድ መንዝረን አስቀምጠን ነበር። በታኅሣሥ 2008 መንግሥት ቋሚውን ምንዛሪ ሲተው፣ 3 ፓውንድ ገደማ የነበረው 1 ዶላር በአንድ ጊዜ ከ18 ፓውንድ በላይ ሆነ። ወር የሚያደርስ የነበረው አበል ሳምንት አላደርስ አለ። ያዘንነው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከሁለቱ እናቶች አንዷ ገበያውን በደንብ ታውቅ ስለነበር «ብሩን አታስቀምጡ፣ ማሽላ ግዙ» ብላን ነበር። አልሰማናትም። ከዚያ በኋላ አበሉን በማሽላ፣ በዘይትና በሳሙና አደረግነው፤ ግዢውንም ለእነሱ ተውን።

ሐምሌ 1 ቀን 2008 ዓርብ ዕለት፣ የነጻነት አምስተኛ ዓመት በዓል ዋዜማ፣ ጁባ ውስጥ እንደገና ተኩስ ተከፈተ። አራት ቀን ቆየ። ትንሹ ልጃችን አሁንም ጠየቀን። «ተኩስ ነው» አልነው። «ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ?» አለን፤ «ዛሬ ቅርብ ነው» አልነው። ፈራ፤ አለቀሰም። ጫማውን ግን ራሱ አደረገ። ተኩሱ ቆሞ ስንወጣ ትልቋ «ልጆቹ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። ያውቃሉ። ቁልፉ የት እንዳለም ያውቃሉ።

የሆነውን ሳናሳምር እንንገራችሁ። ከሁለቱ እናቶች አንዷ ልጆቿን ይዛ ወደ ኡጋንዳ ተሰደደች፤ ከመሄዷ በፊት ቁልፉን ለሌላዋ ሰጠች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቺ እናት ዛፉ ሥር ቁጭ አለች። የመጡት 12 ልጆች ነበሩ። የስም ደብተር የምትይዘው ልጅ ከመካከላቸው ነበረች። እኛ አልነበርንም፤ መኖራችንም አላስፈለገም። በአገልግሎታችን ሁሉ ከሠራነው ይልቅ ይህ እኛ የሌለንበት ቀን ያኮራናል።

ከዚያ ወዲህ ለመኖር ወደ ጁባ አልተመለስንም። አገልግሎታችን ወደ ጋምቤላ ዞረ፤ ስደተኛው ወደዚያ መጥቷልና። በኢታንግ አቅራቢያ ባለው የኩሌ መጠለያ ከጁባ ዛፋችን ሥር የጠፉትን የኑዌር ልጆች በዓይናችን ስንፈልግ ከርመናል። አላገኘናቸውም። መስከረም 2 ቀን 2011 እዚሁ አዲስ አበባ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ደስ ብሎን ነበር። ዳሩ ግን ፊርማ ብቻውን ሰውን ወደ ቤቱ እንደማይመልስ በመጠለያው ያሉ እናቶች ያስተምሩናል።

ከመቀመጣችን በፊት ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

ለምትሰጡት ገንዘብ ሪፖርት ስትጠይቁ፣ «ስንት ልጅ ረዳችሁ?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። «እናንተ ነገ ብትወጡ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» በሉን። መልስ ከሌለን ሥራው ገና አልተጀመረም።

አገልጋይ ቤተሰብ ስትሸኙም ሆነ ስትቀበሉ፣ ወላጆቹን ብቻ አትጠይቁ። ልጆቹን ለብቻ ቁጭ አድርጋችሁ «አንተስ እንዴት ነህ? አንቺስ?» በሏቸው። የልጃችንን ጫማ እኛ ያየነው በአጋጣሚ ነው። ከእናንተ አንዷ ቀድማ ጠይቃት ቢሆን ኖሮ ቀድመን እናውቅ ነበር።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። ችግር ያላየ ቤት የለም፤ ሥራ ይጠፋል፣ አባት ይታመማል፣ ቤት ይፈርሳል። ያን ጊዜ ለልጆቻችሁ «ነጎድጓድ ነው» አትበሏቸው። እንደ ዕድሜያቸው አሳጥራችሁ እውነቱን ንገሯቸው፤ ጫማቸውን የት እንደሚያገኙትም አሳዩአቸው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የእኛን ሎሚ ከእኛ ጋር ስለተሸከማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለእናንተም ዛሬ «ሰኞ እንመለሳለን» አንልም። መንገዱ ሰላም ከሆነ በመጪው ወር ወደ ጋምቤላ እንሄዳለን፤ ከዚያ ስንመለስ የእህሉን መዝገብ ይዘን ኮሚቴው ፊት እንቀርባለን። ካልቀረብን መዝገቡ ከማን ዘንድ እንዳለ ለጸሐፊያችን ጽፈን ሰጥተናል።