ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን፤ በየቁራጩ የተሠራ አውራ ጎዳና

(የጂኦግራፊ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በሀገራችን መካከል ስለሚያልፍ አንድ ረዥም መንገድ ነው። ከመተማ ተነሥቶ በጎንደርና በባሕር ዳር በኩል አዲስ አበባ የገባ፥ ከዚያም በሻሸመኔና በዲላ አድርጎ ሞያሌ የወረደ ሰው በዚሁ መንገድ ተጉዟል። የመንገዱ አንደኛው ጫፍ ግን ካይሮ፥ ሁለተኛው ጫፍ ኬፕ ታውን ነው። ርዝመቱም ከ10,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

አፍሪካን በአውራ ጎዳናዎች የማገናኘቱ ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተነሣው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቁሞ መቀመጫውን በአዲስ አበባ ያደረገ መሆኑን ታውቃላችሁ።

መንገዱ በካርታ ላይ አንድ መስመር ይመስላል። በምድር ላይ ሲታይ ግን እያንዳንዱ መንግሥት በየጊዜውና በየአቅሙ የሠራቸው ቁራጮች ናቸው። እስከ ሞያሌ ቀኙን ይዞ የነዳ ሾፌር እንኳ ኬንያ ሲገባ ግራውን መያዝ አለበት።

ቁራጮቹም ለብዙ ዘመን ሳይገጣጠሙ ቆይተዋል። በሰሜን፥ ከግብፅ አስዋን ወደ ሱዳን ዋዲ ሐልፋ የሚሻገር መንገደኛ በናስር ሐይቅ ላይ በመርከብ ይሄድ ነበር፤ በቁስጡል በኩል የየብስ ኬላ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በመካከል፥ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ድንጋይና አቧራ ነበር፤ የጭነት መኪናዎችም ሽፍታ ፈርተው በአጀብ ይጓዙበት ነበር። አስፋልት የለበሰው እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት ነው። በደቡብ፥ በካዙንጉላ የዛምቤዚን ወንዝ ለመሻገር መኪናዎች የጀልባ ተራ ሲጠብቁ ቀናት ያልፉ ነበር። ዛምቢያና ቦትስዋና በኅብረት ያሠሩት 923 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2021 ተከፈተ።

እንዲህ እየተባለ ቁራጩ ከቁራጩ ሲቀጠል፥ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። አስፋልቱ በቦታው እያለ መንገዱ ተቆረጠ። ሸቀጥ እንዲመላለስበት የተሠራው ጎዳናም ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነፍሳቸውን ለማዳን የሚሸሹበት ሆነ፤ ከፊሎቹ ወደ ሰሜን ወደ ግብፅ፥ ከፊሎቹ ወደ ምሥራቅ ወደ መተማ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ወንዙ በድልድይ፥ ኮረብታው በዶማና በማሽን ይሸነፋል። ሐይቅና በረሃ ያዘገዩትን መንገድ ሰዎች በብዙ ዓመት ድካም ቀጠሉት፤ የተቀጠለውን ደግሞ ሰዎች በአንድ ሳምንት በጠሱት። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ካልተስማማ፥ ወንድምም ከወንድሙ ጋር ካልታረቀ፥ የተነጠፈው አስፋልት ብቻውን የትም አያደርስም።

ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን አለ፤ የጉምሩክ ሹም፥ ሾፌር፥ ነጋዴ፥ ዳኛም የሚሆን አለ። መሐንዲሱ የሠራውን መንገድ ክፍት አድርጎ የማቆየቱ ሥራ የሌሎቻችን ነው። በዚህ ግቢ ከሩቅና ከቅርብ አውራጃ መጥተን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን መማራችን ለዚያ ሥራ ልምምድ እንዲሆነን እንመኛለን።