ከፍርድ በፊት ምርመራ
(በጊንጪ ከተማ ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ሙያዬ ሥነ ልቡና፣ ይልቁንም ከእጃችን የማይለየው ስልክ ለኅሊናችን ሰላም ምን እንደሚጨምርለትና ምን እንደሚቀንስበት መመርመር ስለ ሆነ፣ የማካፍላችሁም ከዚያው ነው።

ወላጆች «ይህ ስልክ ልጆቻችንን ነጠቀን» ይላሉ፤ ልጆች ደግሞ ያለ እርሱ መኖር እንደማይቻል ይናገራሉ። ሁለቱም የሚናገሩት በዐይናቸው ያዩትን ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው በቤቱ ያየው ለሁሉ ሕግ ይሆን ዘንድ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

በ2019 እ.ኤ.አ. ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕሺቢልስኪ የተባሉ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከ355,000 በላይ የሆኑ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወጣቶች የሰጡትን መልስ መርምረው፣ በወጣቶቹ ደኅንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት በዲጂታል መሣሪያ መጠቀም የሚያስረዳው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ መሆኑን ገለጹ፤ ከሌሎች ነገሮች ጋር ባነጻጸሩትም ጊዜ፣ ድንች አዘውትሮ መብላት ከደኅንነት ጋር ያለው አሉታዊ ዝምድና ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤታችሁ ጀልዱ የድንች አገር ናትና፣ ድንች የልጆቻችንን ደስታ ነሣ ብሎ የሚፈርድ ከመካከላችን እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ በስልክም ላይ ከዚህ በመሰለ ደካማ ዝምድና ተነሥቶ መፍረድ እንደዚሁ አይገባም።

ይሁን እንጂ አማካይ ቁጥር የእያንዳንዱን ልጅ ኑሮ አይናገርም። ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ በስልኩ ሲያመሽ ሌሊቱ የሚነጋበትና ጠዋት በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ተማሪ፣ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የገብሱን ዋጋ አምቦ ላለው ዘመዱ ደውሎ የሚጠይቀው ገበሬ፣ ዐረብ አገር ያለች ልጇን ፊት በስልክ የምታየው እናት፣ ሰዓታቸው ብቻ ቢቆጠር አንድ ሆነው ይታያሉ፤ የሚያገኙትና የሚያጡት ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል በቆየ ጊዜ፣ ጭንቀት ከመሣሪያው መብዛት ብቻ ሳይሆን ከመታጣቱም ሊመጣ እንደሚችል በባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ ያስታውሳል።

እንግዲህ ከላይ የጠቀስሁት ጥናት የተጠናው ልጁ የራሱ ስልክ ባለበት አገር ነው። አንዱን ስልክ ወንድምና እኅት ተራ የሚጠባበቁበት፣ መብራት ሲጠፋ የሚዘጋ፣ የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛውም ከዕለት ጉርስ ተቀንሶ በሆነበት ቤት መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ አእምሮ ጤና የባሕር ማዶ መጻሕፍት በተናገሩት ብቻ ሳይወሰኑ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ ገጠር ከ10,000 በላይ የሆኑ ጎልማሶችን መጠየቃቸው፣ ስለ ራሳችን ማወቅ የምንችለው ራሳችንን ስንጠይቅ መሆኑን በሥራ የገለጠ ትጋት ነው።

ስለዚህ፣ ውድ ተመራቂዎች፣ አደራዬ ይህ ነው፦ ማናቸውንም አዲስ ነገር ስለ ፈራችሁት ብቻ አታውግዙ፣ ስለ ወደዳችሁትም ብቻ አታወድሱ፤ ማን ተጠቀመበት፣ ማንስ ተጎዳበት፣ ከምን የተነሣ ብላችሁ በትዕግሥት መርምሩ። እናንተም ወላጆች፣ ስልኩን ከልጁ እጅ ከመቀማታችሁ በፊት፣ ምን እንደሚያይበት፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገርበት፣ ሌሊቱንም ተኝቶ ማደሩን በፍቅር ጠይቁት። የጊንጪን ልጆች ኑሮ በጊንጪ ተቀምጦ የሚያጠና ሊቅ ከዛሬዎቹ ተመራቂዎች መካከል ይነሣ ዘንድ ምኞቴም ጸሎቴም ነው።

ፈጣሪ ትጋታችሁን ይባርክ፤ እንኳን ለዚህ መዓርግ አበቃችሁ!