ወደ ኬረላ ከመነሣታችን በፊት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጉዞ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



4 አባላት ለ10 ቀን ወደ ደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ወደምትባለው ክፍለ ግዛት እንዲሄዱ ዝግጅቱን አደራ ስትሰጡን፣ ከኮሚቴው ከአገር ወጥቶ የሚያውቅ አልነበረም። የምናቀርብላችሁ ጠይቀን፣ አንብበን፣ ደምረን ቀንሰን የደረስንበትን ነው።

አስቀድመን ከብዙዎቻችሁ የተነሣውን እንመልስ። «ይህ ገንዘብ ተዘዋዋሪ ብድሩ ላይ ቢጨመር አይሻልም ወይ?» ተብሏል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኬረላን የመረጥነው ለባሕሯና ለኮኮናቷ አይደለም። በዚያ ኩዱምባሽሪ የሚባል፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በ1998 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የሴቶች ፕሮግራም አለ። ስሙ የቤተሰብ ብልጽግና ማለት ነው። ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ጎረቤታሞች፣ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት፣ እየተሰበሰቡ ይቆጥባሉ። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ዕቁብ ብዙ አይርቅም። የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ መዝገቡን በደንብ የያዘ ቡድን ባንክ ሄዶ ያለ ቤት ካርታ፣ ያለ መኪና ሊብሬ ይበደራል። እኛ ባንክ በሄድን ቁጥር የምንጠየቀው ማስያዣ ነው። ስለዚህ የምንሄደው ደብተራቸውን ለማየት ነው። ምን ይጽፋሉ? ማን ይፈርማል? አንዷ መክፈል ሲያቅታት ምን ይደረጋል?

ይህ ከሆነ ዘንድ ከ4ቱ ቢያንስ 2ቱ በየሳምንቱ ደብተር የሚይዙ የቡድን ጸሐፊዎች መሆን አለባቸው እንላለን። «እንግሊዝኛ የምትችል ትሂድ» የሚለውን አልተቀበልነውም። የኬረላ ሰው የሚነጋገረው በማላያላም ነው፤ መንደር ውስጥ እንግሊዝኛ የምትችለዋም አስተርጓሚ ያስፈልጋታል። የአስተርጓሚ ክፍያ በበጀቱ ውስጥ አስገብተናል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዋናው ዝናብ ኬረላ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ክረምቱን ሁሉ ይዘልቃል፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ሌላ ዝናብ አለ። ገናና ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር አሳልፈን፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መሄድ ይሻላል። ጾም ቢደርስብንም ችግር የለም፤ ሩዙም አትክልቱም ኮኮናቱም የጾም ነው። ውሃ ሮዝ መልክ ይዞ ለብ ብሎ ቢቀርብላችሁ በእንጨት ፍልጥ የተፈላ ነውና ቆሽሿል ብላችሁ አትመልሱት።

የቢጫ ወባ ክትባት ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የክትባት ካርድ ሳይዝ ህንድ ቢደርስ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል፤ ከ10 ቀናችን 6ቱ ሄደ ማለት ነው። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዕድሜያችሁ 60 ያለፈ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ አጎበር ብቻ አይበቃም፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ የጥጥ ልብስ ያዙ። መንገድ ስትሻገሩ መኪናው በግራ በኩል እንደሚነዳ አትርሱ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቲኬቱም ማደሪያውም በዶላር ይታሰባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር ብቻ የተሠራ በጀት በወሩ ሌላ በጀት ይሆናል። ስለዚህ በዶላር ሠርተን የብሩን ዓምድ በየወሩ እናድሳለን፤ 15 በመቶ መጠባበቂያም ይዘናል። መጠባበቂያው ካልበቃ 3 ሰው ይሄዳል እንጂ ከተዘዋዋሪ ብድሩ አንዲት ብር አትነሣም። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን እንጠይቃለን። ደጋፊዎቻችንም የሰጣችሁት ለጉዞው የተባለው ብቻ ስለሆነ ሪፖርቱ ለብቻው ይደርሳችኋል።

ዶላር ተይዞ እዚያ ወደ ህንድ ሩፒ ይመነዘራል፤ የምንዛሪው ደረሰኝ ይቀመጥ። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም፤ አገሩ እዚያ ቢሆንም ጠባዩ ያው ነው። ለእንዲህ ያለው ወጪ 2 ተጓዦች የሚፈርሙበት ቅጽ አዘጋጅተናል። የተረፈ ገንዘብ በተመለሱ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ገቢ ይሆናል።

ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ ሒሳብ ያስተማሯቸው የህንድ መምህራን እንደነበሩ አጫውተውናል፤ በዚያ ዘመን ከመጡት መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። አገሩ እንደምናስበው ያህል ባዕድ ላይሆን ይችላል።

ተጓዦቹን በሚቀጥለው ወር ትመርጣላችሁ። ፓስፖርት የሌላችሁ ከወዲሁ ጀምሩ። የምትቀሩትም በየቡድናችሁ ጥያቄ ጽፋችሁ ስጡን፤ ይዘን እንሄዳለን። የፈታዮቹ ቡድን ቀድሞ አስገብቷል፦ «አንዲት አባል ብድር ላይ እያለች ብትሞት ዕዳውን ማን ይከፍላል? ልጆቿ ይጠየቃሉ ወይ?»